ሙሉ ግልባጭ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ይህች ልጅ ምን ነካት? ሦስት ወር ሙሉ ድምፅዋ የጠፋው ታማ ነው፣ አግብታ ነው ወይስ ረስታኝ? ይህን ሳትጠይቅ እንዳልቀረህ አውቃለሁ። ከሦስቱ አንዱም አይደለም። አልታመምኩም፣ የጠየቀኝም የለም፣ አንተን መርሳት ደግሞ የራሴን ስም እንደ መርሳት ነው። ዝም ያልኩበትን ነገር ልነግርህ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ግን ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ጉዳዩ ብገባ እማዬ ትታዘበኛለች፤ «ያለ ሰላምታ ወሬ የሚጀምር ፖሊስ ብቻ ነው» ትል የለ? (ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት የሚያነቡት ሰው እንዳይቀየሙኝ፤ ቃሉ የእናቴ ነው። ለእርሳቸውም ጤና ይስጥልኝ።)

እንግዲህ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ እንዴት ነው? ባለፈው ስንገናኝ ስትቀመጥ ግድግዳውን ያዝ አድርገህ ነበር፤ ያላየሁ መስዬ አይቻለሁ። ሹራቡስ ደረሰህ ወይስ እንደ መጀመሪያው «ቀለሙ አይፈቀድም» ተብሎ ሊመለስ ነው? የዚህኛው ቀለም አመድማ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ደረጃ ስታይ ብቻ ነው የሚያማት፣ ሜዳ ላይማ እኔንም ትቀድመኛለች። አንተን ስትጠራ ድምፅዋን ዝቅ ማድረጓን ግን እስካሁን አልተወችም። ድሮ ጎረቤት እንዳይሰማ ነበር፤ አሁን ጎረቤቶቹ ሁሉ ተቀይረው እንኳ ልማድ ሆኖባት ቀርቷል።

እኔ ያው በተከራየኋት ክፍል ነኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ከሰው ግድግዳ ጋር የተፋጠጠች አንዲት መስኮት። የጎረቤቴን ፊቱን አላውቀውም፤ ሳሉን ግን አውቀዋለሁ፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሦስት ጊዜ። አንድ ቀን ሳይስል ቢውል ቀኑን ሙሉ ከፋኝ ብልህ ታምነኛለህ? እንዲህ ሆኛለሁ።

ባለፈው ልጠይቅህ ስመጣ፣ በተፈቀደችልን አሥር ደቂቃ ውስጥ፣ «አምስት ዓመት ሕግ ተምረሽ ምድር ቤት ገብቶ መተየብ?» ብለህ ሳቅክብኝ። «ሌላ ሥራ እስኪገኝ ነው» አልኩህ። ግማሹ እውነት ነበር። የቀረው ግማሽ ወደ መጨረሻው ይመጣል። አትቸኩልብኝ፤ ዛሬ ሰዓት የሚቆጥርብን ሰው የለም።

የምሠራበት መዝገብ ቤት ከፍርድ ቤቱ ሥር ነው፣ አሥራ ሰባት ደረጃ ተወርዶ። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ከአላፊ አግዳሚው የምናየው ጫማውን ብቻ ነው፤ ጠበቃውን በሚያብረቀርቅ ቆዳ፣ ባለጉዳዩን በተበላ ተረከዝ እንለየዋለን። ሦስት ገልባጮች ነን። ችሎት ላይ የሚነገረው ሁሉ በድምፅ ይቀዳል። እኛ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን፣ እግራችን ሥር ያለውን ፔዳል እየረገጥን፣ ድምፁን እያቆምንና እየመለስን ወደ ጽሑፍ እንገለብጠዋለን። ተፈርዶበት ይግባኝ ያለ ሰው ጉዳይ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የላይኞቹ ዳኞች ምስክሩን አላዩትም፣ አልሰሙትም። የሚያውቁት እኛ የጻፍነውን ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ለእነሱ አልተነገረም።

ቀኑን ሙሉ ሰው ጆሮዬ ውስጥ ያወራል፣ ጋሼ። ይምላል፣ ያለቅሳል፣ ይዋሻል። ለእኔ የሚያወራ ግን የለም። ማዳመጫውን ሳወልቅ የሚቀረኝ ዝምታ ከድምፁ ይከብዳል።

ከጎኔ የሚቀመጡት ሃያ ስድስት ዓመት የገለበጡ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ፔዳል ነው የምንላቸው። ፔዳል ከመርገጥ ብዛት ቀኝ እግራቸው ከግራው እንደበለጠ ራሳቸው ይቀልዳሉ፣ «ጫማ ስገዛ አንዱን የእናት፣ አንዱን የልጅ ነው የምገዛው» እያሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለ ነገሩኝ። የሚከፍል ሰው ሙሉ ግልባጭ ያገኛል፦ ጥያቄው፣ መልሱ፣ ሳሉ፣ «እንትን» ያለው ሳይቀር። መክፈል የማይችል እስረኛ ደግሞ ለይግባኙ የመዝገቡ ግልባጭ በነጻ ይሰጠው ይላል ሕጉ። እኛም እንሰጠዋለን፤ ግን ፍሬ ነገሩን ብቻ። አርባ ገጽ የሚሆነው ሁለት ገጽ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያዘዘ ሕግ የለም። ከበሩ ጀርባ ማን እንደጻፋት የማይታወቅ፣ ጥጓ ሻይ የፈሰሰበት አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፦ «የነጻ ተገልጋዮች፣ ፍሬ ነገር ብቻ።» ሦስት ገልባጭ፣ አራት መቶ መዝገብ፣ ምን ይደረግ ተብሎ የተጀመረ ነገር ውሎ አድሮ ሥርዓት ሆነ። እትዬ ፔዳልም «ፍሬውን ያዢ፣ ገለባውን አራግፊ፣ ልጄ» ነው ያሉኝ።

እኔ ደግሞ ታውቀኝ የለ፣ አንድ ነገር ከያዝኩ ልክ የለኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁሉም አስበልጬ አሳጠርኩ። የአንድ ሰዓት ምስክርነት በሦስት መስመር። አለቃችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉት የሚውሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የኔን ወረቀት ከፍ አድርገው ለሌሎቹ አሳዩና «ይህች ልጅ ያላት ጣት አይደለም፣ መቀስ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሜ መቀስ ሆኖ ቀረ። መቀስ ምሳ ደረሰ፣ መቀስ ያንን ማኅደር አቀብይኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጋሼ። ማንም በማያውቅህ ከተማ ቅጽል ስም ማግኘት ቀላል ነገር እንዳይመስልህ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት የቁልፍ ሠሪው ሚስት መጣች።

ባሏ ገበያ ዳር በአንዲት ጠባብ ኪዮስክ ውስጥ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ነው። አንድ የዕቃ መደብር በሩ ሳይሰበር፣ በተቀረጸ ቁልፍ ተከፍቶ ተዘረፈ። ቁልፉን የቀረጸው እሱ ነውና የሌቦቹ ግብረ አበር ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ሌቦቹ አልተያዙም። አሁን ኪዮስኩን የያዘችው ሚስቱ ናት፤ የጣቶቿ ጥፍር ሥር የነሐስ ብናኝ ገብቶ ቢጫ ሆኗል፣ ስትናገርም ቁልፍ እንደሚሞክር ሰው አውራ ጣቷን ወደ ቀኝ ታዞራለች።

በባለጉዳይ መቀበያው መስኮት ቀዳዳ ወረቀት አሾለከችልኝ። የይግባኝ ችሎቱ ደብዳቤ ነበር፦ ከቀረበው ግልባጭ ይግባኙን የሚያስቀርብ ነገር አልታየም፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተጨማሪ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ከኋላው የእኛው ሁለት ገጽ ተያይዟል። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ ይህን ማን ጻፈው አለችኝ። ምን ሆነ አልኳት። «እኔ እኮ ችሎቱ ውስጥ ነበርኩ፣ እህቴ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። የመደብሩ ዘበኛ ሲጠየቁ፣ ቁልፉን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሰጥቶኝ አስቀርጽ ብሎ ላከኝ አሉ። ባሌም ያለ ደብዳቤ አልቀርጽም ብሎ መለሳቸው፣ ደብዳቤ አጽፈው መጡ። ይኸን ሁሉ ተናግረዋል። እዚህ ላይ የት ገባ? አይጥ በላው?»

መስመሩን አነበብኩት። «ሦስተኛው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ቁልፉን የቀረጸው ተከሳሹ መሆኑን አረጋግጠዋል» ይላል። ውሸት የለበትም። አንዲት ቃል እንኳ ውሸት የለበትም። ከገጹ ግርጌ ያለው የገልባጭ ፊርማ ደግሞ የኔ ነው። አለቃችን ከፍ አድርገው ያሳዩት ወረቀት ያው እሱ ነበር።

እኔ ነኝ የጻፍኩት ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ላጣራልሽና በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ተመለሺ አልኳት። «ሁሉም ሐሙስ ነው የሚሉኝ» አለች ወረቀቷን እያጣጠፈች፣ «በእናንተ ቤት ሐሙስ መቼ ነው የሚውለው?»

ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ድምፁን አወጣሁት። አርባ ሰባት ደቂቃ ነው። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ወደ ነገሩ የሚገቡት ዞረው ዞረው ነው። ስለ በሩ ማጠፊያ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጃቸው ይናገራሉ። ዳኛው ጣታቸውን እያንቋቁ «ወደ ፍሬ ነገሩ፣ አባት» ሲሉ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ከዚያ በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሚስቲቱ ያለችው ሁሉ አለ፤ ሥራ አስኪያጁም፣ ደብዳቤውም። ፍርዱ ውስጥ ለምን እንዳልተነሳ አላውቅም። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ በዚያ ቀን አሥራ አንድ ጉዳይ ነበረው፤ ምናልባት ጆሮው ደክሞ ይሆናል። የኔ ግን ድካም አልነበረም። ሽማግሌው ሲያንዛዙብኝ ፔዳሉን ረግጬ እንደዘለልኩ እግሬ ያስታውሳል። ገለባ ብዬ ያራገፍኩት የሰው ስድስት ዓመት ነበር።

አለቃችን ዘንድ ገባሁና ሙሉውን ልገልብጠው አልኩ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩኝ። ወረፋው ስምንት ወር እንደሆነ፣ ለአንዱ ሙሉ ከሰጠን ነገ አራት መቶው መስኮቱ ላይ እንደሚሰለፍ ነገሩኝ። ሕጉን ጠቀስኩላቸው፣ ከነአንቀጹ። «ሕጉንማ ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ» አሉ፣ «ሕጉ ግን ጣት የለውም።» እኔ አለኝ አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ እንጂ ድፍረት አልነበረም። መነጽራቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና «በምሳ ሰዓትሽ» አሉ። «በሥራ ሰዓት አንዲት መስመር እንዳላይ።»

ስድስት ቀን በምሳ ሰዓቴ ተየብኩ። አንድ እጄ ዳቦ ይዞ፣ አንድ እጄ ቁልፎቹ ላይ። ሦስተኛው ገልባጭ ነገረኛ ልጅ ነው፤ «መቀሷ ዶለዶመች» እያለ ያልፋል። ቀስ በቀስ ምሳ እንሂድ የሚለኝ ጠፋ። ሰላምታ አልከለከሉኝም፤ ግን ሰላምታቸው እኔ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይወድቃል። አልፈርድባቸውም፤ እኔ አንዱን ሙሉ ካወጣሁ የእነሱ አጭር ሁሉ ምን ሊባል ነው? የከበደኝ እትዬ ፔዳል ወንበራቸውን ትንሽ ማዞራቸው ነው። ትንሽ፣ ጀርባ እንዳይባል፣ ትከሻ ብቻ። ማታ ክፍሌ ገብቼ የጎረቤቴን ሳል እቆጥር ነበር።

ሠላሳ ስምንት ገጽ ሆነ። ማጠፊያውም፣ ዝናቡም አለበት። ሽማግሌው ዝም ባሉበት «ምስክሩ ዝም አሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ ዕለት ለማኅተም ስወስደው አለቃችን አላተሙም። በዚህ መዝገብ ላይ አንድ ግልባጭ በማኅተም ወጥቷል፤ ሁለተኛ ማተም የሚችሉት የፊተኛውን የጻፈው ሰው ጎደሎ እንደነበር በፊርማው ካመነና ሌላ ገልባጭ አዲሱን ከድምፁ ጋር አመሳክሮ ከፈረመበት ብቻ ነው። «የእምነት ወረቀቱ ወደ ግል ማኅደርሽ ይገባል» አሉኝ። «የሙከራ ጊዜሽ ሊያልቅ አሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረው። አስቢበት ልጄ፤ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም።» አይደሉምም።

የዚያን ዕለት ማታ እማዬን አሰብኳት። ስለ አንተ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ እንደሚለው ሁሉ ስለ እኔ ስትናገር ከፍ ይላል፤ «ልጄ ፍርድ ቤት ነው የምትሠራው» ስትል ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። አንተ ከታሰርክ አሥራ አራት ዓመት ቆይታ ያገኘቻት አንዲት ከፍ ያለች ዓረፍተ ነገር ይህችው ናት። ልወስድባት ነው እንዴ አልኩ። ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ሳለ፤ ሦስተኛውን ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጻፍኩት። የእምነት ወረቀቴን ማሳጠር አቅቶኝ ሁለት ገጽ ሞላ። አለቃችን አንብበው ሲጨርሱ «መቀስ፣ ቢያንስ ይህችን እንኳ አጠር ብታደርጊያት» አሉ፤ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም። የቀረው የአመሳካሪ ፊርማ ነበር። ነገረኛው ልጅ ወረቀቱን ዓይኑ እንዳይነካው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ምሳ ሰዓት ሆኖ ሁሉም ሲነሳ እትዬ ፔዳል አልተነሡም። ማዳመጫዬን ከጆሮዬ አውልቀው እርሳቸው ላይ አደረጉት፤ ማስመሪያ መስመሩ ላይ አስደግፈው አርባ ሰባቱን ደቂቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። ሁለት ቦታ አረሙኝ። ፈረሙ። ከዚያ ማስመሪያውን እያዩ፣ ለእኔም ለራሳቸውም ባልሆነ ድምፅ፣ «በሃያ ስድስት ዓመት ስንቱን አራግፌው ይሆን» አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ሴትየዋ መጣች፤ ሐሙስ በእርግጥ መዋሉን ለማየት ነው የመጣሁት አለችኝ። ሠላሳ ስምንቱን ገጽ በቀዳዳው ሰጠኋትና የፊተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። አውራ ጣቷ መዞሩን አቆመ። «ቁልፍ ቢበላሽብኝ ነሐሱን ጥዬ ሌላ እቀርጻለሁ» አለች፣ ሳትቆጣ። «እሱ ግን ያለፈበትን ጊዜ ከየት ያመጣዋል?» እዚያው መስኮቱ ሥር ቆማ ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ያለበትን ገጽ ፈልጋ የሽማግሌውን ቃል እንደ ልጅ በጣቷ እየተከተለች ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር። ማንም አላስቸኮላትም።

ባለፈው ሳምንት ይግባኙ ያስቀርባል ተባለ። አልተፈታም፣ ገና ሊሰማ ነው፤ ግን መዝገቡ አልተዘጋም። የኔ የሙከራ ጊዜ ደግሞ በስድስት ወር ተራዘመ። እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር ትችላለች፣ ለጊዜው። ከበሩ ጀርባ ያለችው ወረቀት አሁንም አለች። አለቃችን እውነታቸውን ነበር፤ ወሬው ወጥቶ አሥራ አንድ ሰው ሙሉ ግልባጭ ጠይቋል፣ የምሳ ሰዓቴ ለሁለት ወር ተይዟል። እትዬ ፔዳል ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ሳይጠይቁኝ ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥተው ወስደዋል።

አሁን የቀረውን ግማሽ እውነት ልንገርህ።

ከእኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚያስገባ አንድ በር አለ፤ የድሮ ካሴቶች በየዓመቱ ተደርድረው የተቀመጡበት። እዚህ ሥራ የለመንኩት ለዚያ መደርደሪያ ብዬ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንተ ችሎቱ ውስጥ ለፍርድ ስትቆም እማዬ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ላይ አስቀምጣኝ ነበር፤ በሩ ወፍራም ነው፣ ምንም አልሰማሁም። ስለተከሰስክበት የመጋዘን እሳት፣ ውስጥ ስለቀሩት ዘበኛ፣ ማን ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። በቤታችን ያ እሳት ስም የለውም። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለይግባኝ ግልባጭ ሊያወጣ ሄዶ በገጽ የሚከፈለውን ሲነግሩት፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እስኪመሽ የተቀመጠበት ቀን ትዝ ይለኛል። በነጻ ይገባችኋል ያለው ሰው አልነበረም። የይግባኙ ቀን አለፈ።

ካርቶኑን አገኘሁት። በላዩ ላይ የመዝገብ ቁጥርህ አለ፤ ያንን ቁጥር ከልደቴ ቀን በላይ አውቀዋለሁ። እትዬ ፔዳል ሲያዩኝ የማን ነው አሉኝ። የአንድ ዘመድ አልኩ። አዩኝና እያዘኑ ነገሩኝ። ያኔ ካሴት ውድ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ግልባጭ ያልተጠየቀበት ካሴት ሌላ ችሎት ይቀዳበት ነበር። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ያልጻፈው ልማድ።

ቢሆንም አሮጌውን ማጫወቻ ሰጡኝና ሰማሁት። ሁለት ጎረቤታሞች ስለ አንድ ግድግዳ ይከራከራሉ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን አስቀመጠ፣ ማን ገፋው። አንድም ሳልዘል ሁሉንም ሰማሁ፣ ጋሼ። ክርክሩ አለቀና ቋ አለ። የነሱ ጉዳይ ካሴቱን አልሞላውም ነበር፤ ከጫፉ ላይ ትንሽ የድሮው ተርፏል። አንድ ዳኛ ይናገራሉ። «ተከሳሽ፣ ከፍርድ በፊት የምትለው ካለህ፣ በአጭሩ።» ከዚያ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንተ። የዛሬው ድምፅህ አይደለም፤ ትከሻህ ላይ አስቀምጠኸኝ ስታወራ እግሬን የሚነዝረኝ ያ ድምፅ ነው። «እኔ የምለው» አልክ።

ካሴቱ አለቀ።

ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አልነግርህም። እንደ ሥራዬ ገለበጥኩት፦ «ተከሳሽ፦ እኔ የምለው»፣ ከሥሩ ገጹ እንዳለ ባዶ። ይኸው ነው ሦስት ወር ዝም ያሰኘኝ። ሌላውን ሁሉ በመሀል ልጽፍልህ እችል ነበር፤ ይህችን ግን እንዴት ብዬ እንደምልክልህ አላወቅኩም።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ልጠይቅህ መጥቼ ልንለያይ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ «ያን ቀን እኮ...» ብለህ ጀምረህ ነበር። እኔ «ተወው ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩህ። ሹራብ ልላክልህ ወይ ብዬ ወሬውን አዞርኩት። አንተም ፈገግ አልክና ቀለሙን ጠየቅከኝ። ላንተ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ መቀስነቴ ምድር ቤቱ ውስጥ አልጀመረም። የፈራሁት ምን እንደምትለኝ ነው።

አሁን አልፈራም፤ ወይም እየፈራሁም እጠይቅሃለሁ። መዝገቡ በፍርድ ቤቱ ጥፋት የጠፋበት ሰው ቀኑ ቢያልፍም ይግባኝ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል፤ መነሻውም የራሱ ቃል ነው። ይሳካል ብዬ አልምልልህም። ማመልከቻው ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ አለ፤ ሽቦ ስለማይፈቀድ በክር ሰፍቼዋለሁ፣ ፊርማህን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ነጭ ወረቀት ከአሥር በላይ አይገባም አሉኝ፤ አሥር ልኬልሃለሁ። ሲያልቅብህ ንገረኝ፣ ሌላ አሥር እልካለሁ፣ ከዚያም ሌላ አሥር። ያደረግከውም ይሁን ያላደረግከው፣ ዝናቡም ይሁን ማጠፊያው፣ ሁሉንም ጻፈው። ዝም ያልክበት ካለ ዝም አልኩ ብለህ ጻፍ። አንዲት ቃል አላራግፍም።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ፣ እንቅልፍህን ያጣፍጥልህ፣ የእማዬን ዕድሜ አንተን በደጃፏ እስክታይ ያርዝምልን። ከአንተ በፊት ይህን ላነበቡት ሰውም ሰላም ለቤታቸው፤ መልስህን ሲያነቡ እባክህ ወረቀቶቹ ብዙ ናቸው ብለው እንዳይቆጡ አስቀድመህ ንገርልኝ።

መልስህን እጠብቃለሁ። ዳኛው እንዳሉህ ሳይሆን እኔ እንደምለምንህ ጻፍልኝ። «እኔ የምለው» ብለሃል፣ ጋሼ፤ ከዚያ ቀጥል።

ታናሽ እህትህ